በሲኒየሩ ፋይል ውስጥ የተደበቀችው መስመር

የምነግራችሁ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር። እኛ ኮድ እየጻፍን የምንኖር ሰዎች ለአዲስ ገቢ የምንነግረውና ብቻችንን ስንሆን የምናደርገው አንድ አይደለም። በተለይ የማውስ ነገር ሲነሳ።

በአደባባይ የምንለው ይታወቃል፤ እውነተኛ ፕሮግራመር እጁን ከኪቦርድ አያነሳም። ይህን በደብዳቤ ያወጣ ቢሮ የለም፤ ደንቡ የሚተላለፈው በዓይን ነው። አዲስ የተቀጠረው ልጅ አንድ መስመር ለመምረጥ ማውሱን ሲጎትት፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሲኒየር በረጅሙ ይተነፍስና “እስቲ አንዴ አምጣው” ብሎ ኪቦርዱን ይቀበለዋል። ጣቶቹ ሦስት አራት ቁልፍ ይመታሉ፤ መስመሩ ካለበት ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ልጁ አፉን ከፍቶ ይቀራል። በዚያው ሳምንት ላፕቶፑ ላይ ቪም የተባለውን የኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) ይጭናል፤ እንዳይፈተን ብሎ የቀስት ቁልፎቹን ራሱ ያግዳቸዋል፤ ሥራ ሊሠራበት ያሰበውን ምሽት ከፋይሉ መውጫ ሲፈልግ ያመሻል። በዚህስ ብቻውን አይደለም። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ፣ ከቪም እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቀው ገጽ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መታየቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቋል።

ልጁ የማያየው፣ ያው ሲኒየር ሌላ ሰው የጻፈውን ረጅም ኮድ እንዲገመግም ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ነው። አንድ እጁ አገጩን ይደግፋል፤ ሌላው ማውሱ ላይ ነው። መሃል ያለችውን ጎማ እያሽከረከረ ይወርዳል፣ የፈንክሽኑን ስም ክሊክ አድርጎ ወደ ምንጩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ፊደል አይጽፍም። ያኔ ማንም ዞሮ አያየውም፤ ምክንያቱም ሁላችንም እንዲያ ነን።

የውስጡን ሚስጥር ለመረዳት ኩራቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያሻል። የቪም አባት ቪአይ ይባላል። ቢል ጆይ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው ኤዲተር ነው። ይሠራበት የነበረው ኤዲኤም-3ኤ የተባለ ተርሚናል ማውስ አልነበረውም፤ ለብቻቸው የቆሙ የቀስት ቁልፎችም አልነበሩትም። ቀስቶቹ የታተሙት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል የተባሉት ፊደላት ላይ ነበር። ዛሬ የቪም ሰዎች ከርሰሩን ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ የሚወስዱት በእነዚሁ በአራቱ ነው። ኤስኬፕ የሚባለው ቁልፍም ያኔ የተቀመጠው ዛሬ ታብ ባለበት፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ ነበር። አሁን ወደ ላይኛው ጥግ ተባርሮ ሳለ ቪም ግን በየደቂቃው ይጠራዋል። ብዙ የቪም ሰው ካፕስ ሎክን ወደ ኤስኬፕ የሚለውጠውም ለዚህ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ኤስኬፕን ከማክቡክ ፕሮ ላይ አንስቶ በንክኪ ስክሪን ሲተካው ከፕሮግራመሩ በኩል የተነሳው ጫጫታ ቀላል አልነበረም፤ በ2019 ቁልፉ ተመልሶ መጣ።

ፍጥነቱንም አስቡት። ጆይ ከቤቱ የሚሠራበት የስልክ መስመር በ300 ቦድ፣ ማለትም በሰከንድ ሠላሳ ፊደል ያህል ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። 24 መስመር በ80 ፊደል የሆነውን ሙሉ ስክሪን እንደገና ለመሳል ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ትእዛዝ ሁሉ ባለ አንድ ፊደል ቢሆን አይገርምም። ዛሬ ጥበብ ብለን ለጁኒየሩ የምናስተምረው አጭርነት፣ በጊዜው የችግር መላ ነበር። መላው ግን ጥሩ ስለነበር ችግሩ ካለፈ በኋላም ቆየ።

በሌላው ወገን ያለውን ደግሞ እንይ። ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ማውስ በእንጨት ሣጥን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በታኅሣሥ 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለሕዝብ ሲያሳየው ኤንግልባርት ቀኝ እጁ ማውሱ ላይ፣ ግራ እጁ ደግሞ አምስት ቁልፍ ባላት ትንሽ መምቻ ላይ ነበረች። ማውሱን የፈጠረው ሰው ራሱ ማውሱን ከቁልፍ ጋር አጣምሮ እንጂ በቁልፍ ፋንታ አላሰበውም። ጎራ ለይተን የተቧቀስነው እኛ ነን።

ቀጥሎ ነገሩ ፓርክ ወደሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ዞረ። እዚያ ብራቮ የሚባል ኤዲተር ነበር፤ ማውስም ነበረው፣ እንደ ቪአይም ሞድ ነበረው። ሞድ ማለት ያው ቁልፍ አንዴ ፊደል፣ አንዴ ትእዛዝ ሲሆን ነው። በሙያችን የሚወራው ታሪክ እንዲህ ይላል፤ አንዱ ትእዛዝ መስጫው ላይ መሆኑን ረስቶ “ኤዲት” ብሎ ጻፈ። ኢ ሰነዱን በሙሉ መረጠች፣ ዲ አጠፋችው፣ አይ መጻፊያውን ከፈተች፣ በስተመጨረሻ ቲ ብቻዋን ስክሪኑ ላይ ቀረች። እዚያው ይሠራ የነበረው ላሪ ቴስለር ሞድን የሕይወት ዘመን ጠላቱ አደረገ፤ የመኪናውን ታርጋ ሳይቀር “ሞድ ይቅር” የሚል አደረገው። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት ኮፒና ፔስት ከእሱና ከባልደረባው ጂፕሲ ከተባለው ኤዲተር የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽም ጭራሽ የቀስት ቁልፍ ሳይኖረው መጣ፤ ሆን ተብሎ፣ ሰው ማውሱን እንዲጨብጥ።

እስካሁን ያወራሁት የተለመደው የሁለት ጎራ ታሪክ ነው። ለጁኒየር የማንነግረው ከዚህ ይቀጥላል።

የኪቦርድ ሃይማኖተኞች መካ ብለው የሚቆጥሩት ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተወለደበትን ቤል ላብስን ነው። ተርሚናል፣ ጥቁር ስክሪን፣ አጫጭር ትእዛዝ፣ ሁሉም ከዚያ መጣ ይባላል። ታዲያ የዚያ ቤት ሰዎች ከዩኒክስ ቀጥለው ፕላን 9 የተባለውን ሲስተም ሲሠሩ ምን ጻፉበት? አክሚ። ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1994 ለዓለም ያስተዋወቀው ኤዲተር ነው፤ ያለ ማውስ አንድ እርምጃ አይራመድም። ያውም ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስ። በግራው ትመርጣላችሁ፤ በመሃለኛው ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን የትኛውንም ቃል ስትነኩት እንደ ትእዛዝ ይሠራል፤ በቀኙ የፋይል ስም ስትነኩ ፋይሉ ይከፈታል። ግራውን እንደያዛችሁ መሃለኛውን ስትጫኑ የመረጣችሁት ይቆረጣል፣ ቀኙን ስትጫኑ ይለጠፋል። ኮዱን በቀለም ማሸብረቅ እንኳ የለውም። ፓይክ በኋላ ዩኒክስን ከፈጠረው ከኬን ቶምሰን ጋር ጎ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ካቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። እንግዲህ ቅዱስ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማውስ ጨብጠው ሲሠሩ፣ ደጅ ያለነው ማውስ የነካውን እናሽሟጥጣለን።

ሌላም አለ። ብራም ሞሌናር ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው አሚጋ ለተባለ ኮምፒውተር ነው፤ አሚጋ ደግሞ ከነማውሱ የሚሸጥ ማሽን ነበር። ቪምም ማውስ ያውቃል። ሴቲንጉ በሚቀመጥበት ቪምአርሲ በምንለው ፋይል ውስጥ “ሴት ማውስ” ብላ የምትጀምር አንዲት አጭር መስመር ትጻፋለች፤ ከዚያ ክሊክ ያደረጋችሁበት ቦታ ከርሰሩ ይሄዳል፣ ጎማዋም ትሠራለች። የስንቱ ሲኒየር ፋይል ውስጥ ይህቺ መስመር እንዳለች ብታውቁ ትስቃላችሁ። ፋይሉን ለጁኒየር ሲያካፍል መጀመሪያ የሚሰርዛት እሷን ነው። የቪም ታናሽ ወንድም የሆነው ኒዮቪም በ2022 ስምንተኛው እትሙ ላይ ድብብቆሹን አስቀረው፤ ማውሱ ማንም ሳይጠይቀው ክፍት ሆኖ ይመጣል።

“እሺ፣ ፍጥነቱስ?” ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰዓት ይዘን እንቁጠር።

ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ቀመር አሳተሙ። ሥራውን የለመደ ሰው አንድን ነገር በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ይገምታል። አንድ ቁልፍ መምታት 0.2 ሰከንድ፣ እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ማዛወር 0.4፣ በማውስ ማነጣጠር 1.1፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ በልብ ማሰናዳት 1.35። በዚህ እንሂድ። ከእናንተ ሃያ መስመር በታችና ስምንት ፊደል በቀኝ ያለ አንድ ቃል መቀየር ፈለጋችሁ። በማውስ ከሆነ እጅ ሄደ 0.4፣ አነጣጠረ 1.1፣ ሁለት ጊዜ ክሊክ 0.4፣ እጅ ተመለሰ 0.4፤ በድምሩ 2.3 ሰከንድ። በቀስት ቁልፍ ከሆነ ሃያ ስምንት ምት፣ 5.6 ሰከንድ። በቪም ፍለጋ ከሆነ የፍለጋዋ ምልክት፣ የቃሉ ሦስት ፊደላትና ኢንተር፣ አምስት ምት ነው፣ 1 ሰከንድ፤ የትኞቹን ፊደላት እንደምትፈልጉ ማሰቢያው 1.35 ሲጨመርበት 2.35።

ያ ሁሉ ሙግት እንግዲህ ለአምስት መቶኛ ሰከንድ ነው፤ እሷም የማውሱ ናት። ትእዛዙ በጣት የገባለት ሰው የማሰቢያውን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል፤ ያኔ ያሸንፋል። ያልገባለት ደግሞ ይሸነፋል፣ ግን መሸነፉን አያውቅም። አፕል ውስጥ ይሠራ የነበረው ብሩስ ቶግናዚኒ እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ የተፈተኑት ሰዎች ኪቦርዱ እንደሚፈጥን ይናገራሉ፣ ሰዓቱ ግን ለማውሱ ይመሰክራል። ምክንያት ያደረገውም ሾርትከቱን የማስታወሻዋ ጊዜ ለባለቤቱ እንደማትቆጠርለት ነው፤ አእምሮ ሥራ ላይ ስለሆነ ጊዜው ሲያልፍ አይሰማም። የቪም ሰዎች መልስ አላቸው፤ በጊዜው ማውሱ የተወዳደረው ከተራ የቀስት ቁልፍ ጋር ነው፣ የቀስት ቁልፍ ደግሞ እኛም አንጠቀምም ይላሉ። ልክ ናቸው። ያም ሆኖ ከላይ ባለው ስሌት ፍለጋውን ራሱን አስገብተን ያገኘነው ውጤት አቻ ነው።

ኪቦርዱ ያለ ጥርጥር የሚረታው ሌላ ቦታ ነው። ያው ለውጥ አርባ ቦታ ላይ መደገም አለበት እንበል። በማውስ ቃሎቹን መምረጡ ብቻ 92 ሰከንድ ይወስዳል። በቪም አንዴ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ነጥቧን ስትመቱ ይደገማል፤ ወይም የሥራውን ቅደም ተከተል ቀድታችሁ አርባ ጊዜ አጫውት ትሉታላችሁ። ማውሱ ገበያ ቆሞ የሚፈልገውን ዕቃ በጣቱ እንደሚያሳይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ላለው የሚተካከለው የለም፣ “እንደዚህ ያለውን ሁሉ” ለማለት ግን ጣት አይበቃም፣ ቋንቋ ያስፈልጋል።

ሹክሹክታው እዚህ ላይ ነው። ቪም የለመደ ሰው የሚወደው ፍጥነቱን አይደለም፤ ቋንቋውን ነው። የቪም ትእዛዝ ግስና ስም አለው። ዲ ማጥፋት ናት፣ ሲ መለወጥ ናት፣ ዋይ መቅዳት ናት። ደብሊው ቃል ናት፣ ፒ አንቀጽ ናት። ግሱን ከስሙ ስታጋጥሙ “ቃሉን አጥፋ”፣ “በጥቅሱ ውስጥ ያለውን ለውጥ” ትላላችሁ። አንድ ግስ ስትማሩ ከምታውቋቸው ስሞች ጋር ሁሉ ይሠራል። ሐሳቡ በልብ እንዳለ በጣት ይወጣል። ይህ ደስታ ነው፤ ደስታን ግን ለሥራ አስኪያጅ ማስረዳት ስለሚከብድ “ፍጥነት ነው” እንላለን። ፍጥነት ሪፖርት ላይ ይጻፋል።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? በስታክ ኦቨርፍሎው የ2023 መጠይቅ ከመለሱት ፕሮግራመሮች 73 በመቶ ያህሉ ቪኤስ ኮድን እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። ቪኤስ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከማይክሮሶፍት የወጣ፣ ለማውስ የተመቸ ኤዲተር ነው። ከቪም ወደ እሱ የተሻገረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጭነው ተጨማሪ ግን ቪኤስ ኮዱን በቪም ትእዛዝ የሚያሠራውን ነው። ቤቱን ለቀቀ፣ ቋንቋውን ይዞ ሄደ፤ አዲሱ ቤት ውስጥ ያለውን ማውስም አልጠላም።

ሌላው የማይነገረው የሰውነት ጉዳይ ነው። ኮንትሮልን በትንሿ ጣት ሲጫኑ መዋል ኢማክስ የተባለውን ሌላ ኤዲተር ለሚጠቀሙ ሰዎች ስም ያለው ሕመም ሆኗል፤ የኢማክስ ትንሽ ጣት ይሉታል። ማውስ የበዛበት ደግሞ አንጓውና ትከሻው ይናገራል። ባልደረባችሁ በድንገት ኤዲተር ከቀየረ ወይም ማውሱን ወደ ግራ እጁ ካዞረ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከክርክር የመጣ አይደለም፤ እጁ አልቻለም። በእኛ ቢሮዎች ወንበሩና ጠረጴዛው ሲገዛ ማንም ስለ አንጓ አያስብም፤ ኤዲተሩ ላይ ስንጨቃጨቅ ግን እንውላለን።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ የራሱ ጣጣ አለው። ሥራችን ውስጥ አማርኛ አለ፤ የአፕ ጽሑፍ፣ የደረሰኝ መልእክት፣ የትርጉም ፋይል። የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ወደ አማርኛ አዙራችሁ በቪም ስትጽፉ ቆይታችሁ ኤስኬፕ መታችሁ እንበል። አሁን ትእዛዝ መስጫው ላይ ናችሁ፤ ኪቦርዱ ግን አሁንም አማርኛ ነው። መስመር ለማጥፋት ዲን ሁለቴ ስትመቱ ለቪም የሚደርሰው “ድድ” ነው። ቪም ድድ አያውቅም። በየመስመሩ ቋንቋ መመለስ፣ ማጥፋት፣ እንደገና ማዞር፤ ፍጥነት የተባለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የትርጉም ፋይል ሲመጣ የቪም አርበኛው ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ቪኤስ ኮድን ከፍቶ ማውሱን ሲስብ የምታዩት ለዚህ ነው። ተርሚናሉ ፊደላችንን እኩል ስፋት በሌለው ፎንት ሲያሳይና ሲያነባብር ደግሞ ከርሰሩ የት እንዳለ በዓይን ማወቅም ያስቸግራል።

መላ ግን አለው። ኢማክስ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ኮንትሮልን ከወደኋላ ካዘመመችው ስላሽ ጋር ስትጫኑ ይበራል፣ እንደገና ስትጫኑ ይጠፋል። የሰላምታ ናሙናዎች የተሰበሰቡበት የራሱ ፋይል ውስጥም አማርኛ አለ። ቪም በበኩሉ ኪማፕ የሚባል ሴቲንግ አለው፤ የቋንቋው አጻጻፍ መጻፊያው ሞድ ላይ ብቻ እንዲሠራ ያደርጋል፣ ትእዛዙ በላቲን ይቆያል። ስለ ኤዲተር በየካፌው ከሚከራከረው ሰው ውስጥ ይህን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይም የሚሆነውን ልንገራችሁ። ተፈታኙ ስክሪኑን አጋርቶ ኮድ ሲጽፍ ከፈታኞቹ አንዱ የሚያየው ኮዱን አይደለም፤ እጁን ነው። ማውስ ከነካ ጀማሪ፣ ካልነካ በሳል። ማንም አይናገረውም፣ ነጥቡ ላይ ግን ያርፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ስህተት የማግኘት ችሎታ እጅ ላይ አይታይም። ያልጻፉትን ኮድ አንብቦ “ችግሩ እዚህ ነው” የሚለው ሰው በየትኛው እጁ እንደደረሰበት ደንበኛው አይጠይቅም።

እንግዲህ ጁኒየር ብትሆኑ በጆሯችሁ የምላችሁ ይህን ነው። ከቪአይ ጥቂት ትእዛዝ የግድ ተማሩ፤ መግባት፣ መጻፍ፣ መፈለግ፣ መስመር ማጥፋት፣ የተሳሳቱትን መመለስ፣ አስቀምጦ መውጣት፣ ሳያስቀምጡ መውጣት። የምትማሩት ለክብር አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ሩቅ ያለ ሰርቨር ሲወድቅና ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ የምታገኙት ኤዲተር ቪአይ ስለሆነ ነው፤ ቢል ጆይ የሠራው ለእንዲህ ያለው መስመር ነበር። ከዚያ የሚደጋገም ሥራ ሲያጋጥማችሁ እጃችሁን ከኪቦርድ አታንሱ። የማታውቁትን ኮድ ስታነቡ ደግሞ ማውሱን ያለ ሐፍረት ጨብጡ። ቪምን ስትከፍቱ መግቢያው ላይ ያለችውን ጽሑፍም አንዴ አንብቧት፤ ስለ ኡጋንዳ ሕፃናት ትናገራለች። ሞሌናር እስከ ሕልፈቱ፣ እስከ ነሐሴ 2023 ድረስ፣ በኤዲተሩ የተደሰተ ሁሉ እዚያው ኡጋንዳ ኪባሌ የሚገኙ ልጆችን እንዲረዳ ይጠይቅ ነበር። በቪም ከሚኮራው ሰው አብዛኛው ያቺን ገጽ ሳያነብ ያልፋታል።

ሲኒየሮች ሆይ፣ ለእናንተም አንዲት ልመና አለችኝ። ቪምአርሲያችሁን ለልጆቹ ስታካፍሉ ያቺን የማውስ መስመር ከነነፍሷ ተዉአት። ልጁ ቋንቋውን ሊማር የሚችለው መጀመሪያ ሥራውን መሥራት ከቻለ ነው።